የአሥራ ሦስተኛው ወር ልጆች

«ከወንዝ ማዶ ሆኜ ብጣራ ብጣራ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንኝ ይርጋነሽ አታስታውሰውም። መጨረሻው ላይ «ተራራ» የሚል ቃል እንዳለ ታውቃለች፤ ተራራው ለጠሪው ይመልስለት፣ ወይስ ድምፁን ውጦ ዝም ይበል፣ እሱ ነው የጠፋባት። ዘፈኑን የሰማችው የዓባይን በረሃ በሚያቋርጥ የጭነት መኪና ላይ ነበር። ረዳቱ ጆንያ ላይ ተንጋሎ ሲያንጎራጉር ሞተሩ ሁለተኛውን መስመር ዋጠባት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የጎደለውን በ«እም… እም…» እየሞላች ታዜመዋለች።

የምታዜመው ቢቸና፣ በአውራጃው መሥሪያ ቤት የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው። ፊቷ በትንንሽ ሳጥኖች የተሞላ ወረቀት አለ። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፊደል፣ አንድ ፊደል ብቻ፣ በእርሳስ ታስቀምጣለች። ከጎን ያሉት ጸሐፊዎች አንገታቸውን አስግገው አይተው «ጥልፉ እንዴት ይዟል?» ይሏታል። እሷም «እየተጠለፈ ነው» ትላለች። እንደ ቀልድ ተጀመረ፤ ከዓመታት በኋላ ግን የሥራዋ ስም ሆኖ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር እንግዳ ሲመጣ «ጥልፍ ቤት ናት» ብሎ ይመራል።

ሥራዋ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን አዲስ አበባ ነው። በ1974 ዓ.ም. አንድ ዓመት እዚያው ሠልጥና፣ አብረዋት የተማሩት ሁሉ ከተማ ሲቀሩ፣ በአውራጃው በሙከራ ለተጀመረው የልደት ምዝገባ ተመድባ ወደ አገሯ ተመለሰች። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊዎች የተወለደውን ልጅ ሁሉ ቅጽ ላይ ይሞላሉ። ቅጹ እንዴት እንደሚቆጠርና እንደሚደመር ለማሽኑ የሚነግረውን ትእዛዝ እሷ ትጽፋለች። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ወደ ማሽኑ ያስገቡታል፤ መልሱ በበጋ በሦስት ሳምንት፣ በክረምት በሁለት ወር ይመጣል። አንዲት ነገር ከሳተች ማሽኑ አልገባኝም ብሎ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ አርማ ትልካለች፣ እንደገናም ትጠብቃለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ከመሪጌታ ገብረ ሕይወት ሞት ወዲህ በቤቷ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ የምትጠብቀው ግን አላጣችም። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ቆማ ከጣራ ላይ የሚወርደውን የፖስታ ከረጢት በዓይኗ ስትከተል ያያት ሰው፣ ይህቺ ልጅ አንድ የሩቅ ወዳጅ አላት ቢል አይፈረድበትም።

በ1978 መጨረሻ ከመጣው እሽግ ውስጥ «የተጣሉ» የሚል ዝርዝር ወጣ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች። ይርጋነሽ ስሕተቱ የእሷ መስሏት አንድ ሳምንት ሙሉ በወረቀቷ ላይ ፈለገች። ከዚያ አንድ ቀን ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ስታየው እጇ ቆመ። ልጆቹ ሁሉ የተወለዱት በጳጉሜን ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። የእሷ ፕሮግራም ከመቁጠሩ በፊት፣ አዲስ አበባ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ቅጾቹን በር ላይ ቆሞ ይፈትሻል። እሱ ዘንድ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ናት። አሥራ ሦስተኛ ወር ላይ የተወለደ ልጅ ሲመጣ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። ለዚህ አገር ሰው የሚያስቅ ነው፤ ግን አላሳቃትም። ለየጤና ጣቢያው የሚላከው ክትባት በተቆጠረው ልጅ ልክ ነው። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊዎቹም ቅጽ ሲመለስባቸው ሰለቻቸውና የጳጉሜኑን ልጅ ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም መግፋት ለመዱ። መስከረም የገባው ልጅ አንድ ዓመት ይጎድልበታል። ያልተገፋው ጨርሶ ይቀራል።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ለሦስተኛው መልስ መጣ፤ ቅጾቹ በትክክል ተሞልተው ይላኩ ይላል። በሩ ላይ የሚቆመውን ፍተሻ ራሷ እንደ አዲስ በአራት ገጽ ጽፋ ላከች። ወረቀቱ ሳይነካ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው እነዚያን አራት ገጾች ከላይ እስከ ታች እንዲያነብላት።

ስለዚህ በ1980 ጥቅምት የአንድ ጉባኤ ወሬ ሲመጣ ልቧ ተንጠለጠለ። የፕሮግራም ጸሐፊዎችና የምዝገባ ሠራተኞች ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ተሰብስበው ሦስት ቀን ይመክራሉ። ቦታው ሞጣ፣ ቀኑ ከኅዳር አንድ እስከ ሦስት። ኮምፒዩተርም ይመጣል ተባለ። የቢቸናው ኃላፊ አቶ ደምለው የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ፤ ይርጋነሽ ጸሐፊ። ጽሑፍ ለማቅረብ ጠይቃ ተፈቀደላት። ሃያ ደቂቃ፣ ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ።

ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞጣ ገባች። የፕሮግራሙን ወረቀት በስቴንስል አባዝታ ጣቶቿ ጠቆሩ። አግዳሚ ወንበርና ብርጭቆ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም እድር ለምና አሰባሰበች፤ የየትኛው እድር ዕቃ እንደሆነ እንዳይምታታ የአንዱን በነጭ የአንዱን በሰማያዊ ክር አሰረች። ለኮምፒዩተሩ የሚሆን መብራት ስላልነበረ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ይማም ጄኔሬተራቸውን ፈቀዱ። ጉባኤው መብራቱን ሲፈልግ ወፍጮው ይቆማል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ለወፍጮው ይመለሳል። ወጥ ቤቱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑን ይርጋነሽ፣ የእስላሙን የሐጂ ምራት ዘይዳ ያዙ። ዘይዳ ምላሷ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን ይርጋነሽን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ይቺን ቀጭን ልጅ ለጉባኤ ነው ለጾም የላኳት ብላ ጠየቀች።

ሮብ እንግዶቹ ገቡ። ኮምፒዩተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በላንድሮቨር መጣ። ይዘውት የመጡት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ አቧራ እንዳይነካው በነጠላቸው ሸፍነው አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ ሦስቱንም ቀን ከዚያ አልተነሡም ማለት ይቻላል።

ይርጋነሽ የጉባኤውን የደረት ምልክቶች የቆረጠችው በገዛ እጇ ነው። ለተጋባዥ ስሙ የተጻፈበት ካርድ፣ ለአዘጋጅ ቀይ ጥብጣብ። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ጥብጣቡን አደረገች። ያኔ አላሰበችበትም። እነዚያ ሰዎች፣ ስድስት ዓመት በሐሳቧ ስታወራቸው የኖረቻቸው፣ የእሷን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች፣ ፊት ለፊቷ ቆመው ስለ ሥራቸው ያወራሉ። እሷ ጠጋ ስትል ግን ጥብጣቡን ያያሉ። አንዱ ባዶ ብርጭቆ ያቀብላታል። አንዱ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው ይላል። አንዱ በጨዋነት አንገቱን ጎንበስ አድርጎ አልጋው ትኋን እንዳለበት ይነግራታል። ብቻዋን ቢቸና ተቀምጣ ያልተሰማት ብቸኝነት ስድሳ የሙያ ወንድም መካከል መጣባት። ሰው የሚናፍቀው በሌለበት ቦታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ከፓርቲው የመጣ ካድሬ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ፤ ማሽኑ ሠርቶ ታየ፤ ሰው አጨበጨበ። ይርጋነሽ ጭብጨባውን የሰማችው ከጓሮ ነው።

ዓርብ አራቱን ገጾች በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አስገብታ ማለዳ ተነሣች። የጾም ቀን ነው፤ ጿሚው እህል የሚቀምሰው በዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ንግግሯ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሲያበቃ ለመስተንግዶው ጊዜ ይተርፋታል። ሁሉንም በደቂቃ አስልታዋለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ አቶ ደምለው ወደ ጓሮው መጡ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ሠላሳ እንግዳ ከክፍለ ሀገር ተጨምሯል፤ ሽሮው ይበዛ፣ ምስሩም ይድገም አሉ።

«ተራዬ በስምንት ነው፣ አቶ ደምለው» አለች።

ሰዓታቸውን አዩ። «ግማሽ ሰዓት አለሽ። ድስቱን አስነሥተሽ ትደርሻለሽ።» ሊሄዱ ብለው ዞር አሉ። «ደግሞ ስሚኝማ፤ ሰው ከዚህ ሲሄድ የሚያስታውሰው ያንቺን ወጥ ነው እንጂ የማንንም ንግግር አይደለም። የእኔንም ጭምር።»

ሊያስቋት ብለው ነው። ፈገግ አለችላቸው።

እሷም እሳቸውም ያላወቁት፣ ከባሕር ዳር ይመጣል የተባለው ተናጋሪ መኪናው ተበላሽቶ ቀርቶ ኖሮ ፕሮግራሙ በግማሽ ሰዓት ቀድሟል። የዘይዳን ትልቅ ድስት ለሁለት ይዘው ከእሳት ሲያነሡ፣ ከግንቡ ወዲያ የድምፅ ማጉያው ስሟን ጠራ።

«ወይዘሪት ይርጋነሽ ገብረ ሕይወት።»

ድስቱ እየፈላ ነው። እሷ ብትለቀው ዘይዳ ትቃጠላለች።

«ወይዘሪት ይርጋነሽ።» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «የሉም? እንግዲህ ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«ሂጂ፣ ልቀቂው!» አለች ዘይዳ። ይርጋነሽ አልለቀቀችም። ሦስት እርምጃ፣ አራት፣ አምስት፤ ድስቱ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ የጉባኤው የአቋም መግለጫ እየተነበበ ነው። የመጨረሻው መስመር ስለ መልካም መስተንግዶው አዘጋጆቹን ያመሰግናል። ሰው ዞር ብሎ በሩ ላይ ቆማ አያት፤ ሽሮ በነካው እጇ፣ በቀይ ጥብጣቧ። ለእሷ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠና ሰው አበላች። ጉርሻ ሲሰጧት ቆይ እበላለሁ እያለች አለፈች፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። መኪኖች አንድ በአንድ መነሣት ጀመሩ። አዳራሹ ሲራቆት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ብቻ ቀሩ፤ የማሽኑን ገመድ ይጠቀልላሉ።

«አሥር ደቂቃ ይሰጡኛል?» አለች ጥጉ ላይ ቆማ።

ቀና ሳይሉ ምግቡ ግሩም እንደነበር ነገሯት።

«ስለ ምግቡ አይደለም።» ላስቲኩን ፈታች። ወረቀቱ የደረቷን ሙቀት ይዟል። «እንዲያነቡልኝ ነው።»

ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አግዳሚ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይርጋነሽ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ዓይናቸው በሳጥኖቹ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲመለስ፣ የት እንደደረሱ ታውቃለች፤ እያንዳንዷን መስመር ከእሳቸው ጋር አብራ ትወርዳለች። እንዲህ ያለ አብሮ መሄድ በሕይወቷ አታውቅም።

«ወር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ጣል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ከወረቀቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ከውጭ ከመጣ መጽሐፍ ላይ ገለበጥኩት። እሱ አሥራ ሁለት አለ፣ እኔም አሥራ ሁለት አልኩ። እናቴ በየዓመቱ በጳጉሜን ጠበል ትወርዳለች፤ እኔ ነኝ የማደርሳት። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።»

ዘይዳ በበሩ ብቅ አለች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቱ ሁሉ እህሉን ይዞ ቆሟል፤ ሐጂም ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ይርጋነሽ ግማሽ ሰዓት እንድትለምንላት ጠየቀቻት። ዘይዳ የሁለቱን ፊት አይታ ሳትከራከር ሄደች። ወዲያው ተመልሳ ሐጂ ፈቅደዋል፣ ሴቶቹ ግን ሲረግሙሽ ሰምቻለሁ አለች። ለማየትም እዚያው ቀረች።

የማሽኑ ገመድ እንደገና ተፈታ። ይርጋነሽ አነበበች፣ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የማሽኑን ቁልፎች መቱ። ከዚያ ለማሳያ ይዛ ከመጣችው የሞጣ ቅጾች እሽግ አምስት የጳጉሜን ቅጾች አወጡ። የመጀመሪያው ገባ። አረንጓዴው ጽሑፍ «ተቀብያለሁ» አለ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውና አራተኛውም። የአምስተኛው ቅጽ ልጅ ጀዋሂር ሐምዱ የምትባል ሕፃን ነበረች፤ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ቀን 1979።

ማሽኑ መለሳት።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልጠው በጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

«ቀን ከአምስት ከበለጠ ጣል» ብለው አነበቡ። «ይህንንስ የጻፈው ማነው?»

«እኔ» አለች።

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ስድስት ትሆናለች፤ ያለፈችውም እንዲያ ነበረች። አባቷ መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ማስላት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ሒሳብ ከፊደል በፊት ሳትሰማው አልቀረችም። ሌላውን ሰው በረሳው ወር ስትከስ እሷ ደግሞ አንዲት ቀን ረሳች።

«የሐምዱ ልጅ አይደለችም እንዴ!» አለች ዘይዳ። «አሁን እናቷ ጀርባ ላይ ናት፤ ወፍጮ ቤት በር። ከረጋሚዎቹ አንዷ እናቷ ናት።»

ይርጋነሽ ሳቀች። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሳቁ መሐል ዓይኗ እንባ አዘለ፤ ስለ ስሕተቱ አልነበረም። ስድስት ዓመት ወረቀቷን ሲመልሱ ኖሩ እንጂ አንድ ሰው ጣቱን አንድ መስመር ላይ አድርጎ እዚህ ጋ ሳትሽ ብሏት አያውቅም።

ወረቀት ሳትይዝ፣ ቆማ ተናገረች። ዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ደምር፤ ለአራት አካፍል፤ ቀሪው ሦስት ከሆነ የጳጉሜን ቀን እስከ ስድስት ይሁን። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ እየተከተሉ መቱ። ጀዋሂርን እንደገና አስገቡ።

«ተቀብያለሁ» አለ።

የሐጂ ሰው መብራቱን ሊያዛውር መጣ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ትንሽ ቆይቶ የወፍጮው ድምፅ ከወዲያ ተነሣ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ማሽኑን በብርድ ልብሱ ጠቀለሉ።

«ወረቀቱን እወስደዋለሁ» አሉ። «ይቀበሉታል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። የራሴን ስሕተት ነው ይዤላቸው የምሄደው።» ቦርሳቸውን ከመዝጋታቸው በፊት አራተኛውን ገጽ አወጡ። «ስምሽ የለበትም። ጻፊበት።»

ጻፈች። እንደ ልማዷ በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል።

«እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያርምልሽ?»

«ማንም።»

ገጹን ከሌሎቹ ጋር አድርገው ቦርሳቸውን ዘጉ። ላንድሮቨሩ በባሕር ዳር መንገድ ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ አየችው። አብረው የሠሩት አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሳታውቅ ብቻዋን ነበረች፤ አሁን እያወቀች ብቻዋን ናት። ይሄኛው ይከብዳል። ነገ በማለዳ ወንበሩን በየክሩ ለየእድሩ መልሳ ቢቸና ትገባለች፤ ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡሱን ትጠብቃለች። መልስ ይምጣ፣ አይምጣ፣ አታውቅም።

ዘይዳ ትከሻዋን ነካቻት። ጥግ ላይ፣ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ፣ በሰሃን የተከደነ ትሪ ነበር። ሽሮና ምስር ነው፣ ሥጋ አልነካውም፣ ትሪውም የእናንተ ነው አለቻት። ጆግ አንሥታ እጇን አስታጠበቻት። ከሽሮው ጋር የስቴንስሉ ጥቁረትም ትንሽ ትንሽ ለቀቀ።

«አብሬሽ እቀመጥ ነበር፣ ቤት ይጠብቁኛል» አለች ዘይዳ። «ጨርሺው እሺ፣ ይርጌ። ነገ መጥቼ ትሪውን አያለሁ።»

ዘይዳ ሄደች። ይርጋነሽ ቀዩን ጥብጣብ ከደረቷ ፈታ ኪሷ ከተተች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ አማተበች፣ ክዳኑን ገለጠች። እንጀራው ጠርዙ ደርቋል፤ ሽሮው ግን ገና ለብ ያለ ነበር። ቆርሳ አጠቀሰችና በላች።